ከበሩ ውጪ ያለው ወንበር

ለልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? ወገብሽን የሚያምሽ ነገር ለቀቀሽ? ባልሽስ፣ የሥራው ውጣ ውረድ ትንሽ ቀለለለት? እኔ እንዳለሁ አለሁ። ዓይኔን ከማንበብ ብዛት ይደክመኛል እንጂ ሌላ የሚወራ ሕመም የለኝም። በአውቶቡስ ሩብ ሰዓት ለማይሞላ መንገድ ደብዳቤ መጻፌ ያስቅሽ ይሆናል። ስልኬን አላነሳ ስትዪ ምን ላድርግ? ደግሞም አፌ ቶሎ እንደማይፈታ ታውቂያለሽ። ባንቺ የትምህርት መጻሕፍት ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ የምለውን ከመናገር መጻፍ ይቀለኛል።

የምጽፍልሽ ስለ ልጅሽ ስለ ሚጢ ነው። ትኩሳቱ እንደተመለሰባትና ሐኪሙ ምን እንዳለ ባልሽ ነግሮኛል። ልጅቷ ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ላለመግባት ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳትጠጣ ትውላለች፤ ሽንቷን ይዛ ቤቷ ትመለሳለች፤ በዚህ ከቀጠለች ኩላሊቷ ይጎዳል። ገና ሰባት ዓመቷ ነው። የሚዘጋ በር ፈርታ ጤናዋን ልታጣ ነው። ይህን እያወቅሽ ለምን ሕክምናዋ ላይ አትገኚም ብዬ ልቆጣሽ ነበር ብዕር ያነሳሁት። ቁጣዬ አሁንም አልበረደም።

የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ክፍል ውስጥ ለወላጆች ሁለት ወንበር ተቀምጧል። ባልሽም አንቺም ሥራ ላይ ናችሁ ተብሎ ልጅቷን የማመላልሳት እኔ ነኝና፣ በየሳምንቱ አንዱ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ አንዱ ላይ ቦርሳዬን አስቀምጣለሁ። ጸሐፊዋ ቀልደኛ ናት። “እማማ፣ ቦርሳዎ አባት ነው እናት?” አለችኝ አንድ ቀን። ሳቅኩላት። ደረጃውን ስወርድ ግን ባንቺ አንጀቴ አርሮ ነበር።

ባልሽ እንኳ አንድ ጊዜ አስፈቅዶ መጥቷል። ያን ቀን ባለሙያዋ ሚጢ ስትፈራ ምን እንደምናደርግላት ጠየቀችን። እንደሚሸለም ሰው ተሽቀዳደምን። ባልሽ የቤታችሁን በሮች ሁሉ ነቅሎ መጋረጃ መስቀሉን ነገራት፤ ቤታችን የጨርቅ ሱቅ መሰለ፣ ልጄ ግን ተነፈሰች አለ እየሳቀ። እኔም እኔ ቤት ስትመጣ የመታጠቢያ ቤቱን በር በእግሬ ደግፌ እንደምቆምላት ተናገርኩ። ላስተማሪዋ እየጻፍሽ ሁልጊዜ ከበሩ አጠገብ እንድትቀመጥ ማስደረግሽንም ነገርንልሽ። ባለሙያዋ እስክንጨርስ ጠበቀችን። ከዚያ ረጋ ብላ፣ “ልጅቷን ትወዷታላችሁ። ፍርሃቷን ግን እየቀለባችሁት ነው” አለችን። ለልጅ ሕክምና ልጅን ብቻ ማምጣት እንደማይበቃ፣ ቤት ያለው ሰው ሁሉ አብሮ መማር እንዳለበት ያን ቀን ገባኝ። ባልሽም ገባው፤ ቅዳሜ በሮቹን መልሶ ገጠማቸው። የመኝታ ቤቱን ግን እዚያው እለቱን እንዲነቅለው አደረግሽው አሉ። አልፈረድኩብሽም ብል ውሸት ነው።

በሌላ ቀን ባለሙያዋ ለብቻዬ ጠርታኝ ሚጢ ይህን ፍርሃት ከማን እንደለመደችው ጠየቀችኝ። ከእናቷ ነው አልኳት፣ ሳላመነታ። አሳንሰር ትተሽ ያን ሁሉ ፎቅ በእግርሽ እንደምትወጪ፣ ሰውነትሽን ስትታጠቢ በሩን ከፍተሽ፣ ሰው እንዳይገባብሽ እየዘፈንሽ እንደምትታጠቢ፣ ሰው ቤት ስትሄጂ እጅሽ ከበር እጀታ እንደማይርቅ አንድ በአንድ ዘረዘርኩላት። “እናቷስ ከማን ለመደችው?” አለችኝ።

ውሃ ስጪኝ አልኳት።

ከዚያ በኋላ አንቺ የመጣሽባት አንዷ ቀን ደረሰች። ባለሙያዋ በሩን ስትዘጋው ተነስተሽ ወጣሽ። ኮሪደሩ ላይ ደረስኩብሽና ለልጅሽ ስትዪ ትንሽ ብትታገሺ ምናለ አልኩሽ። ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ “እማዬ፣ የስፌት መኪናሽ ድምፅ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም” አልሽኝና ሄድሽ።

የምመልስልሽን በልቤ ስደረድር ሰነበትኩ። የሰው ልብስ ቀጠሮ ነበረብኝ። አባትሽ ሲቆጡ ዕቃ ቤት ቆልፈውብሽ ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ይወጡ ነበር። በባል ላይ አፍ መክፈት ነውር የነበረበት ጊዜ ነው። ሁሉም እውነት ነው። አንቺ ስትጠሪኝ የምረግጠው መኪና ላይ ግን ክር አልነበረም።

ባለፈው ረቡዕ የሆነውን ባልሽም በደንብ አያውቅም። ሚጢ በልምምዱ ኮሪደሩ ላይ ያለውን የሽንት ቤት በር በየሳምንቱ ጠበብ እያደረገች መጥታ፣ ያን ቀን ሙሉ በሙሉ ዘግታው ውስጥ ልትቆይ ነበር። የኔ ሥራ ቀላል ነው። ከበሩ ውጪ ወንበር ላይ መቀመጥ፤ አይዞሽ አለማለት፤ በሩን አለመክፈት፤ ከጠራችኝ ብቻ አለሁ ማለት። ሚጢ እንደ ትልቅ ሰው ቀሚሷን አስተካክላ ገባች። በሩ ተዘጋ። ጥቂት ቆይታ፣ “አያቴ፣ አለሽ?” አለች።

ድምፁ ያንቺ ነው። ያንቺው የልጅነት ድምፅ።

ደግማ ጠራችኝ። ወደ ታች ስመለከት እግሬ የስፌት መኪና እንደሚረግጥ ሁሉ ወለሉን እየረገጠ ነው። ኋላ በሩን መደብደብ ስትጀምር ባለሙያዋ ሮጣ ከፈተችላት። አውቶቡስ ውስጥ፣ “አያቴ፣ እንቅልፍ ወስዶሽ ነበር?” አለችኝ። አዎ አልኳት።

አሁን ሚጢ ደግሜ እሞክራለሁ ብላለች፤ ግን ወንበሩ ላይ እናቴ ካልተቀመጠች አልገባም አለች። ባለሙያዋም ባልሽም ለመኗት፤ ወይ ፍንክች። በዚህ እንኳ ባንቺ ወጥታለች። ስለ ልጆች ፍርሃት የተጻፈውን መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ተውሼ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ወላጅ ምን ያድርግ የሚል ምዕራፍ አለው። ጊዜው ያለፈበት ወላጅ ምን ያድርግ የሚል ግን የለውም።

ቀጠሮው የፊታችን ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አንቺ የምትቀመጪው ኮሪደሩ ላይ ነው፤ ኮሪደሩ በሁለቱም ጫፍ ክፍት ነው፣ ሄጄ አይቼዋለሁ። ባንቺ ላይ የሚዘጋ በር የለም። ባለሙያዋንም ለብቻዋ አነጋግሬያታለሁ። ያን ዕለት ውሃ ጠጥቼ ያለፍኩትን ጥያቄ መልሼላታለሁ፤ አንቺን አትጠይቅሽም። ሚጢን ባልሽ ያመጣታል። እኔ አልመጣም። ኮሪደሩ ላይ ከኔ ጋር መቀመጥ ላንቺ ምን እንደሆነ ሳይገባኝ ነው ስወቅስሽ የከረምኩት።

ይቅርታ የሚለውን ቃል ከዚህ ደብዳቤ ላይ ሆን ብዬ አስቀርቼዋለሁ። ብጽፈው መልስ ያስገድድሻል፤ ላንቺ ደግሞ ሌላ ሥራ ልጨምርብሽ አልሻም።

ስትጠራሽ ቶሎ መልሺላት። ብትፈሪም መልሺላት፤ ፈሪ መሆንሽን ሚጢ ድሮም ታውቃለች።

ወጥተሽ ግቢ፣ ልጄ። ከቤትሽ የልጅ ሳቅ አይጥፋ። ለኔ ያልተሰጠኝ አንደበት ላንቺ ይሰጥሽ።

እናትሽ