ግራጫዋ ብየዳ

ውድ እታለም፣

ለመሆኑ ከልጆችሽ ጋር እንዴት ከረማችሁ? ጉልበትሽንስ ተሻለሽ? እኛ ደህና ነን። አባባ ጆሮው ከበድ ከማለቱ በቀር ይበላል፣ ይቀልዳል፣ ቴሌቪዥኑን ለሰፈሩ ሁሉ ያሰማል። እኔም፣ ለሰላምታ ያህል፣ ደህና ነኝ። መደወል ስችል ወረቀት ያነሳሁት ድምፅሽን እየሰማሁ የምጨርሰው ነገር ስላልሆነ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ጋሼ ቤዝ ጥገና ሱቃችን መጡ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ቤዝ ጊታራቸውን አንግተው በበራችን ሲያልፉ እንኳ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። እኔና አንቺ የጠገንነውን ያንኑ አምፕሊፋየር ነው ያመጡት። በዚያ ሰርግ መሃል ዝም ካለባቸው በኋላ አምነው መድረክ ላይ አውጥተውት አያውቁም፤ ዘጠኝ ዓመት ዕቃ ቤት ተሸፍኖ ከርሞ፣ አሁን ልጃቸው ልማር ስላለች አወጡት።

"ሲነሳ እንደ ኮርማ ያጓራል፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይንኮሻኮሽና ጭጭ ይላል" አሉኝ።

ሰርጉ ላይ የሆነውም ይኸው ነበር። ክው ብዬ ቀረሁ።

አንቺ ታደርጊ እንደነበረው ከኋላ ጀመርኩ። ከስልኬ ሙዚቃ ከፍቼ ፕሪአምፑን ዘልሎ በሚገባው በኋላ መሰኪያ ሰደድኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ ጥርት ብሎ ሠራ። ስለዚህ ስፒከሩም፣ ጉልበት የሚሰጠው ክፍልም ጤነኛ ናቸው፤ በሽታው ከጊታሩ የሚመጣውን ደካማ ድምፅ መጀመሪያ የሚያነሳው ፕሪአምፑ ውስጥ ነው ማለት ነው። አጥፍቼ ካቀዘቀዝኩት በኋላ ሙዚቃውን ወደ ፊተኛው የጊታር መሰኪያ አዛወርኩ፤ ክዳኑን ፈትቼ ቴስተሩን የፕሪአምፑ ቺፕ፣ የአይሲው፣ እግር ላይ አሳረፍኩ። ፖዘቲቩም ኔጌቲቩም አሥራ አምስት ቮልት፣ ምንም እንከን የለውም። ወንበር ስቤ ጠበቅሁ። አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ኔጌቲቩ መውረድ ጀመረ፤ አሥራ አራት፣ አሥራ አንድ፣ ስድስት፣ ዜሮ። ስፒከሩ ተንኮሻኮሸና ዝም አለ።

መስመሩን ተከትዬ ወደ ኋላ ስሄድ ያቺ የምትግለዋ ወፍራም ሬዚስተር ጋ ደረስኩ። በደረቅ እንጨት ጫን ሳደርጋት ድምፁ ይመለሳል፣ ስለቃት ይጠፋል። ቦርዱን ገልብጬ በአጉሊ መነጽር አየኋት። ብየዳዋ ግራጫ ነው፤ እግሯን ዙሪያውን እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ከቧታል። ስትግል ትለቃለች፣ ስትቀዘቅዝ ትይዛለች።

ሥራውን ያኔ ከሰርጉ በፊት እንዴት እንደተካፈልነው አልረሳሽውም። የጊታር መሰኪያውንና የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹን አንቺ፣ ሬዚስተሯን እኔ። ያንቺዎቹ እዚያው አጠገቧ ናቸው፤ ዛሬም እንደ ዓሣ ዓይን ያበራሉ። እኔ ኳስ ሊጀመር ነው ብዬ መበየጃው በቅጡ ሳይግል ነካ አድርጌ ሮጥኩ።

በሰርጉ ማግስት አባባ ማን ነው ያበላሸው ብሎ ሲጠይቅ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ "ከፍቼ አይቼዋለሁ፤ የለቀቀው የእሷ ብየዳ ነው" አልኩት። ጋሼ ቤዝ በደንበኛ ፊት ምን እንዳሉሽ መድገም አልፈልግም።  ሽርጥሽን ፈትተሽ፣ አጥፈሽ ወንበሩ ላይ አኖርሽና አንዴ አይተሽኝ ወጣሽ። ከሰርጉ በፊት ሱቅ የሚመጣው ሰው ሁሉ እኔን አልፎ "ልጅቷ የለችም?" እያለ ይጠይቀኝ ነበር፤ ቀንቼብሽ ነበር። ምክንያት እንዳይመስልሽ። ሌላ ግን የለኝም። አንቺ ሌላ ከተማ ሄደሽ በሰው ሱቅ ቁልፍና ዚፕ ስትሸጪ፣ እኔ በአንቺ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጌታው እየተባልኩ ኖርኩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሐሙስ ዕለት ክዳኑን ስፈታ፣ ሥራ ስንጨርስ ብሎኖቹ ላይ ጠብ የምታደርጊያት ቀይ የጥፍር ቀለም አራቱም ላይ ሳትሰነጠቅ አገኘኋት፤ ያኔ ከፍቼ አይቼዋለሁ ያልኩት ሳልከፍተው ነበር። ከዚህ በላይ እጄ አይጽፍም።

ጋሼ ቤዝ ዓርብ ሲመለሱ ብየዳዋን በመነጽሩ አሳየኋቸው። "ማን ነው የበየዳት?" አሉ። እኔ ነኝ አልኳቸው። በርጩማው ላይ ቁጭ ብለው "እኔ እኮ እሷ ነች ያበላሸችው ብዬ ለስንቱ ሰው ነው የነገርኩት" አሉ።  አድራሻሽን ጠየቁኝ፤ ሳላስፈቅድሽ አልሰጥም ብያለሁ።

ከዚያ ለአባባ ነገርኩት። መጀመሪያ ቀስ ብዬ ነበር፤ "ምን አልክ?" አለኝ። ስለዚህ ጮክ ብዬ ደገምኩት። ሁለት ደንበኞች ቆመው ነበር፤ አንዷ ዓይኗን ስልኳ ላይ ተከለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ይሰድበኛል፣ ያባርረኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቦርዱን አምጣ አለና ያንቺን ብየዳዎች በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ብዙ ቆየ። ከዚያ "አንቺስ ምን ትያለሽ ብዬ እኮ አልጠየቅኋትም" አለ። "አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም።" ማታ እራቱን ሳይነካው ተኛ።

አሮጌውን ብየዳ መጥጬ፣ እግሯን ፍቄ እንደ አዲስ በየድኳት። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሠርታለች። የጋሼ ቤዝ ልጅ ቅዳሜ መጥታ ወሰደችው። ማሽኑስ በአንዲት ጠብታ እርሳስ ዳነ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት እውነታቸውን ነው።

እታለም፣ ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም፤ ተመለሺም አልልሽም። አባባ ግን ሊያይሽ ቆርጧል፤ የፊታችን እሑድ ጠዋት በሚነሳው አውቶቡስ እንመጣለን። ብቻውን መንገድ ስለማይችል ነው አብሬው የምመጣው። ለእሱ በሩን ክፈቺለት። እኔ እስኪጨርስ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።

ፈጣሪ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ እጅሽን ይባርክልሽ።

በሁሉም ነገር ታናሽሽ