ከጉሙ በላይ ያለው ኮረብታ

ልጄ ቃለ አብ፣ ኪዳነ ምሕረት ከፊት ከኋላህ ትቁም። እኛ ደኅና ነን። ላሟ ወልዳለች፤ ገብሱም ውርጭ ሳይነካው ገባ።

እንቅልፍ የነሳኝ የእህትህ የጥበብ ነገር ነው። ከዳባት በላይ ካለው ኮረብታ ላይ የኮከብ መመልከቻ ተሠርቶ፣ የዝናቡንና የብርዱን መለኪያ ጠዋት ጠዋት እንድታነብላቸው ቀጥረዋታል። ኮረብታው ዝቅተኛ ነው ይሉኛል። ቢሆንስ? ጉሙ ከገደሉ ሲወጣ የገዛ እጇን እንኳ አታይም። «ስጠራሽ ድምፅሽን አሰሚኝ» ብላት፣ «እማዬ፣ ሰው ይሰማኛል፤ አፍራለሁ» አለችኝ። ከደጅ ቆሜ «ጥበብ! አንቺ ጥበብ!» እላለሁ፤ እሷ ዝም! አንተን ትሰማለችና ሥራውን ተይ በላት። አምላክ በሰላም ያገናኘን።

እናትህ አመተ ማርያም

ጋሼ፣ ጸሐፊዋ እኔ ጥበብ ነኝ። እማዬ ያለችውን ሁሉ ሳልቀንስ ጽፌያለሁ። እሷ ግን እዚያ ወጥታ አታውቅም። ጉሙ ከኮረብታው ወገብ ላይ ይቀራል፤ ጫፉ ላይ ፀሐይ ነው። ዳባት ጠፍታ የእማዬ ጥሪ ብቻ ከታች ይመጣል። እባክህ ተይ አትበለኝ። ከነገ ጀምሮ፣ ሰው ቢሰማኝም፣ «አቤት!» እላታለሁ።