የሚያንኳኳው ዲስክ

ሰኞ፣ የካቲት 4
ልብስ አጥቤ አሰጣሁ። ልጄን ለቤት ሥራዋ አሥር ጊዜ ለመንኳት። የፈተና ወረቀት ስተይብ ኮምፒውተሩ ዛሬም አንኳኳ። ቀጭ... ዝም... ቀጭ ቀጭ። ባሌ ሲያስብ በእስክሪብቶ ጠረጴዛውን ይመታ እንደነበረው። መንፈስ አይደለም፣ አውቃለሁ። ታዲያ ለምን እጄን አቁሜ አዳምጣለሁ?

ረቡዕ፣ የካቲት 6
ምሳ እየበላን፣ "እማ፣ የአባዬ ድምፅ እንዴት ነበር?"
"ወፍራም" አልኳት።
በሽታው ሲጠናበት በድምፁ ተረት ቀድቶላት ነበር። ከፍ ስትል ትሰማዋለች ብሎ። ያለው እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። ከሞተ ወዲህ ተረቱን ከፍቼው አላውቅም፣ ፈራሁ። ዛሬ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ... ዲስክ 2 ተበላሽቷል፣ ይቀየር። ለወንድሙ ደወልኩ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9
የባሌ ታናሽ ወንድም፣ ቀውላላው፣ አዲስ ዲስክ ይዞ መጣ። ከበር ላይ "ቤቶች!" ሲል የያዝኩት ብርጭቆ አመለጠኝ። ቁርጥ የወንድሙ ድምፅ።
"ፊትህን ሳላይ አታናግረኝ አላልኩህም?"
"ታዲያ የት ላድርገው እቴ? አብሮኝ ነው የተወለደው።"
የኮምፒውተሩን ሆድ ከፈተው። አራት ዲስክ። አንዱ ቢሞት ሦስቱ ይሸከሙታል አለኝ። ሁለት ከሄዱ ግን ሁሉም አበቃ። ባሌ በእጁ ጽፎ ለጥፎባቸዋል፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4። አጥፍቶ 2ን አወጣ፣ አዲሱን ሰካ፣ አበራ።
ምንም የለም። ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር፣ ዲስክ አልተገኘም ይላል።
"ጽሑፉ 2 አይደል ያለው?" አለ። እኔ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ዳግመኛ ሞተብኝ አልኩ በልቤ።
አሮጌውን ቦታው መለሰ። ኮምፒውተሩ ተነሣ። ቀጭ... ቀጭ።
"ዝም በል እስቲ" አልኩና ጆሮዬን አስጠጋሁ። ስንት ወር ሰምቼዋለሁ፣ አልስተውም። የሚያንኳኳው 3 የተለጠፈበት ነው።
ግንባሩን መታ። "ለካ ማሽኑ መቁጠር የሚጀምረው ከዜሮ ነው!" ባሌ እንደ ሰው ከአንድ ነበር የሚቆጥረው፤ የማሽኑ 2 የሱ 3 ነው።
3ን ቀየረ። አዲሱ ከሦስቱ መገልበጥ ጀመረ። "እስኪጨርስ እንዳትነኪው።"

እሑድ፣ የካቲት 10
ግልበጣው ገና ግማሽ ነው። መንኳኳቱ የለም። ቤቱ ጭር አለብኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። የወጣውን ዲስክ መጣል አቅቶኝ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት... ጤነኛ ነኝ?

ሰኞ፣ የካቲት 11
አለቀ። ሁሉም አለ። ቀውላላው "1ም አርጅቷል፣ ሳይቀድመን እንቀይረው" አለ። ከዚያ በፊት ግን ተረቶቹን ፍላሽ ላይ ገለበጠ። "መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝ ይሄን ነው። ደደብ ነኝ።" አልተከራከርኩትም።

እሑድ፣ የካቲት 17
1ንም ቀየርን። ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ከጠረጴዛው ፊት ተቀመጥን። መክፈቻውን ልጄ ተጫነችው። ሳል... ትንፋሽ... ከዚያ እሱ። ጅብና ጥንቸል ወንዝ ሊሻገሩ።
ልጄ ሳቀች። ወደ አጎቷ ዞረች። "ይሄ እኮ አንተ ነህ። መቼ ነው ያነበብከው?"
አፉን በእጁ ከደነ። አፉን ቢከፍት የሚወጣው ያው ድምፅ ነው።
"አባትሽ ነው" አልኳት። አፍጥጣ ስክሪኑን አየችው። ጅቡ ወንዙ መሀል ሲደርስ ባሌ ሳሉ ባሰበት። "ደከመኝ የኔ እናት። ነገ እንጨርሰዋለን።" እዚያ ላይ ያበቃል። ሌላው ፋይል ሌላ ተረት ነው።
"ከዚያስ?" አለች። እኔን አይደለም፣ አጎቷን። "ጨርስልኝ።"
አየኝ። ፈቃድ ሲጠይቅ ነው። ተነሥቼ ወጥ ቤት ገባሁ፣ በሩን ግን አልዘጋሁም። ከግድግዳው ወዲያ ጀመረ። ጥንቸሏ ተሻገረች፣ ጅቡን ጎትታ አወጣችው። ፊቱ አይታየኝም። ዝም በል አላልኩትም። ቆሜ እስከ መጨረሻው ሰማሁት።