የትሮይቪሉ ቤት በሮች

ማክሰኞ፣ ጁን 3

የዶክተር የአለምወርቅ ቤት ቀለም ቅብ ዛሬ ተጀመረ። ትሮይቪል ሰፈር ያለ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው የቪክቶሪያ ዘመን ቤት። በረንዳው ላይ ዳንቴል የመሰለ ብረት፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ ኮሪደሩ ላይ አራት በር። የሕፃናት ሐኪም ናቸው። የሚፈልጉትን ያውቃሉ። እንደዚህ ዓይነት ሰው ይመቸኛል።

"በሮቹ ጠቁረው ቤቱን ሐዘን ቤት አስመሰሉት። ፍቂልኝና እንጨቱ ይታይ" አሉኝ።

ግድግዳውንም በሮቹንም በሁለት ሳምንት ጨርሼ አስረክባለሁ አልኩ። ጋሽ ዘርትሁን በጎን አየኝ። አራት ዓመት አብሮኝ ሠርቷል፣ ቀን በቆረጥኩ ቁጥር እንደዚያ ያየኛል። ይየኝ። ከቀኔ አልፌ አላውቅም።

እዚህ ጁን ክረምት ነው፤ ብርዱ አይጣል ነው።

ሐሙስ፣ ጁን 5

በሮቹን አውልቀን ጓሮ አስተኛናቸው። አንዱን እኔ፣ አንዱን ጋሽ ዘርትሁን። የድሮ ቀለም መርዝ አለውና ማስክ አድርገን፣ ትኩስ አየር በሚነፋው ሂት ጋን እያሞቅን በመፋቂያ። ከላይ ጥቁሩ ቫርኒሽ፣ ከሥሩ ቡናማ ነገር፣ ከሱ ሥር ቢጫ... ከዚያ ንጹሕ፣ ነጣ ያለ ጣውላ።

"ይሄ ሁሉ ድርብርብ ምንድን ነው?" አለኝ።

"የድሮ ሰው ዝርክርክነት ነዋ" አልኩት። ሌላ ምን ይሆናል?

ዓርብ፣ ጁን 6

ሦስተኛውም አለቀ። ዶክተር ከሥራ ሲመለሱ በመዳፋቸው ዳበሱት። "አሁን ቤት ሆነ" አሉ። ፎቶ አንስተው ለጓደኞቻቸው ላኩ፤ ሁለቱ ስልኬን ጠይቀዋል። ሁለቱም የድሮ ቤት አላቸው።

ይሄን ሥራ ከእኔ በላይ የሚሠራ በዚህ ከተማ ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

ሰኞ፣ ጁን 9

አይ የእኔ ነገር።

አራተኛው በር ቁም ሳጥን ተደግፎት ስለኖረ ከሌሎቹ ያነሰ ጠቁሯል። ቅባት ነበረበትና ከመፋቄ በፊት በሳሙና ውሃ አጠብኩት። ጥቁሩ ለቀቀ፣ ከሥሩ ውዱ የኦክ እንጨት ወጣ። የማር ቀለም ያለው፣ መስመሩ የሚያምር። ሦስቱ ርካሽ የፓይን ጣውላ ሆነው ይሄ ብቻውን ኦክ? ፊቴን አስጠጋሁ። ከታች ጥግ፣ ከመስመሮቹ መሀል፣ የጣት አሻራ አለ። የሰው አውራ ጣት።

እንጨት የጣት አሻራ የለውም።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ተራ ጣውላ ላይ ኦክን መስመር በመስመር በእጁ የሣለ ሰው ነበር። ቢጫው መደቡ፣ ቡናማው ሥዕሉ። ሦስት በር ሙሉ ሥዕል ነው ገፍፌ ከረጢት ውስጥ የጣልኩት። ቀለም ቀቢ ሆኜ የቀለም ቀቢን ሥራ ሳላውቅ። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ።

ጋሽ ዘርትሁን ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው። "ፍቂውና እንገላገል። ሴትዮዋ ደስ ብሏቸዋል። ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለሁ።"

"አንቺማ ምን የማታውቂው ነገር አለ" አለኝ።

ማክሰኞ፣ ጁን 10

አልነገርኳቸውም። ኮርኒስ ስቀባ ዋልኩ። ብነግራቸው ሥራውንም ስሜንም ላጣ ነው፤ ስልኬን የጠየቁት ሰዎችም ይሰማሉ። ባልነግራቸው አራተኛውም መፋቁ ነው... ፈርቻለሁ። ይኸው ጻፍኩት።

ረቡዕ፣ ጁን 11

ነገርኳቸው። ወደ በሩ ወሰድኳቸውና ጣቱን አሳየኋቸው።

"ሦስቱም እንዲህ ነበሩ?"

"ነበሩ።"

"አይመለሱም?"

"አይመለሱም ዶክተር።"

የራሳቸውን አውራ ጣት አሻራው ላይ አሳረፉ። ከዚያ፣ "እኔ እንዲፋቅ ብልስ? ባለሙያዋ አንቺ አይደለሽም እንዴ?" ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሦስቱን በሮች በድሮው መልክ መልሼ ልሣል አልኩ። "ትችያለሽ?" አሉኝ።

"አልችልም። እማራለሁ። ካልወደዱት በራሴ ጊዜ መልሼ እፍቀዋለሁ።"

አልችልም የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ገረመኝ። እስኪ እናያለን ብለው ወደ ሥራ ሄዱ።

ቅዳሜ፣ ጁን 14

ፎርድስበርግ ብሩሽ የምገዛበትን ሱቅ ሰውዬ ጠየቅኩ፣ በር ላይ የእንጨት መስመር የሚሥል ታውቃለህ? ሂልብሮው፣ አንድ ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሽማግሌ አሉ አለኝ። ሊፍት የለም። በእግር።

ባባ ሲላስ ይባላሉ፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። "ሳውቦና ባባ" ብዬ በዙሉ ሰላም አልኳቸውና የአራተኛውን በር ፎቶ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩና ሳቁ። "ስንቱን ፋቅሽ?"

"ሦስት።"

"እኔ ልጅ ሆኜ ስድስት ፍቄያለሁ። ግቢ።"

በነጮች አገዛዝ ዘመን ሥዕሉን የሚሠሩት እሳቸው፣ የሥራ ወረቀቱ ላይ ስሙ የሚገባው የነጩ አለቃቸው። እሳቸው የቀን ሠራተኛ ተብለው ነው የተመዘገቡት። "የዚያ ጣት ባለቤት ማን እንደሆነ ማን ይነግርሻል፣ ሲሲ?" አሉኝ፣ እህቴ ማለታቸው ነው።

ከላስቲክ የተቆረጠ ማበጠሪያ ሰጡኝ። መጀመሪያ ቢጫው ይደርቃል፣ ከላዩ ቀጭን ቡናማ ትቀቢያለሽ፣ ሳይደርቅ ታበጥሪዋለሽ፣ ጣትሽን በጨርቅ ጠቅልለሽ እዚህም እዚያም ትጠርጊያለሽ። የካርቶን ቁራጭ ላይ አስሞከሩኝ። "እጅሽ ይቸኩላል። የት ልትደርሺ ነው?"

ቅዳሜ፣ ጁን 21

የቆረጥኩት ቀን አለፈ። ግድግዳው አልቋል፣ በሮቹ የሉም፤ ዶክተር መኝታ ቤታቸው መጋረጃ ሰቅለው ነው የሚያድሩት።

የመጀመሪያው ሙከራ የሜዳ አህያ መሰለ። ጠረግኩት። ሁለተኛው ትል የሄደበት። እሱንም ጠረግኩት። ጋሽ ዘርትሁን አልሳቀብኝም፣ እሱ ነው የባሰብኝ።

ረቡዕ፣ ጁን 25

አሁንም አልሆነም። የታችኛው ክፍል ግን... የታችኛው ክፍል ኦክ ነው። ሦስት ጊዜ ተመልሼ አየሁት። ማንም አልረዳኝም፣ እጄ ነው የሠራው።

ዓርብ፣ ጁላይ 4

ሦስቱም አለቁ። ባባ ሲላስን በታክሲ አምጥቼ አሳየኋቸው፤ ሁለቱን አልፈው ሦስተኛው ጋ ቆሙና "ይሄኛው ላይ አልቸኮልሽም" አሉ። እውነታቸውን ነው።

ማታ ዶክተር ከአሮጌው ወደ አዲሶቹ፣ ከአዲሶቹ ወደ አሮጌው ተመላለሱ።

"አሮጌው ይበልጣል" አሉ።

"ይበልጣል።"

"እነዚህም ግን ይኑሩልኝ።"

ስልኬን ከጠየቁት ጓደኞቻቸው አንዷ ሰኞ ትደውልልሻለች አሉኝ፤ የሆነውን ሁሉ ነግረዋታል። ስትደውል መጀመሪያ በሮቿን በሳሙና ውሃ እንደማጥብ እነግራታለሁ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 5

ቫርኒሹ ደረቀ። ከመግጠማችን በፊት በአሮጌው በር ጠርዝ ዙሪያ የሣለውን ሰው ስም ፈለግኩ። የለም።

በሩን ሊፍቅ የሚያወልቅ ሰው የላይኛውን ጠርዝ ማየቱ አይቀርም። ጋሽ ዘርትሁን አሮጌውን በር ያዘልኝ፣ እርሳስ አወጣሁና እዚያው ጠርዝ ላይ ጻፍኩ። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ ባባ ሲላስ በስልክ እየነገሩኝ በዙሉ፣ መጨረሻ ላይ በአማርኛ፦ "ይህ ኦክ አይደለም፣ በእጅ የተሣለ ቀለም ነው። እባክህ አትፋቀው። በዚህ ቤት ከነበሩት አራቱ ሦስቱን ሳላውቅ ፍቄያለሁ። መልሼ የሣልኳቸውም እኔ ነኝ። ሔራን።"

"ጥፋትሽን ከነስምሽ?" አለኝ ጋሽ ዘርትሁን።

"አዎ።"

በሩን አስደግፎ እጁን ዘረጋና እርሳሱን ተቀበለኝ። "ሁለተኛውን እኮ የፋቅኩት እኔ ነኝ" አለና ከስሜ ሥር ስሙን ጻፈ።