የሴናተሩ ባዶ ወንበር

ሰኞ

ኮቱ ወንበሩ ላይ ነበር፣ ሰውዬው ግን አልነበረም። ጸሐፊዋ ስሙን ደጋግማ ጠራች። ቀና ብላ ባዶውን ወንበር አየችና ወደሚቀጥለው ስም አለፈች። ሕጉ በአንድ ድምፅ ወደቀ።

እኔ እዚያው ሳክራሜንቶ፣ ኮሚቴው አዳራሽ ውስጥ፣ ሽማግሌዎቹ መሀል ተቀምጬ ነበር። ከኦክላንድ በቫን ይዣቸው የሄድኩት እኔ ነኝ። "የእኛ ሰው ነው፣ አይዟችሁ" ያልኳቸውም እኔው። ቢሮው ውስጥ ስልክ የማነሳ፣ ለአበሻ የማስተረጉም፣ የሴናተሩን እንጀራ የምበላ። ከስብሰባው በፊት ሁሉንም በሁለት እጁ ጨብጧቸዋል። ጋሼ ወርቁንማ ትከሻቸውን ቸብ ቸብ አድርጓቸዋል።

"ምን ሆኖ ነው የጠፋው?" አሉኝ መቶ አለቃ ደምሴ።

ጋሼ ወርቁ ቶሎ ብለው መለሱልኝ። "ሽንት ይዞት ይሆናል። ሰው አይደለም እንዴ?" ለእኔ አፍረው ነው።

ኮሪደር ላይ ነበር። በሩ ሲከፈት አየሁት። ግድግዳ ተደግፎ ውኃ ይጠጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋሽንግተን ዜጋ ላልሆኑ ሽማግሌዎች በየወሩ የሚከፈለውን መደጎሚያ፣ ኤስኤስአይ የሚሉትን፣ ቆረጠች። ይሄ ሕግ ቢያልፍ ስቴቱ በፈንታው ይከፍል ነበር። ካላለፈ ጋሼ ወርቁ፣ የእናቴ ወንድም፣ ዳውንታውን ያለችውን የአረጋውያን አፓርታማቸውን ይለቃሉ። የዜግነቱን ፈተና ሞክረው ወድቀዋል፤ ዕድሜ ልካቸውን ሒሳብ ያስተማሩ ሰው ፈታኙ የሚለው አልሰማ እያላቸው። ለቀው የት ይሄዳሉ? እኔ ጋ። ኤል ሴሪቶ። አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር።

ማንም አያነበውም፣ ልጻፈው። እወዳቸዋለሁ፣ ግን አልፈልጋቸውም። ሬዲዮ አስጩኸው ነው የሚሰሙት። ጥርሳቸውን አውልቀው የእኔ ብርጭቆ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ ቤቴ የሚመጣ ወንድ ቢገኝ እንኳ ጥርሱን አይቶ ነው የሚመለሰው።

ሐሙስ ድጋሚ ድምፅ ይሰጥበታል አሉ።


ማክሰኞ

ቢሮ። ሊንዳ፣ የቢሮው ኃላፊ፣ የሴናተሩን ሪከርድ በአማርኛ አድርጊልኝ አለችኝ። ለምርጫ የሚበተን ወረቀት ነው። ተርጉሜ ተርጉሜ ጣቴ ዛለ።

ለድሃ ሕክምና፦ የስ።
ለሠራተኛ ደመወዝ ጭማሪ፦ የስ።
ለስደተኛ ልጆች ትምህርት፦ የስ።
ለዛፍ፦ የስ። ለዛፍማ ሦስት ቦታ የስ ብሏል። ዛፎቹ አልፎላቸዋል።

ከላይ በትልቁ "በችግረኛ ላይ አንድም ቀን ኖ ብሎ አያውቅም" ይላል። እውነት ነው። ሊንዳን የትናንቱስ አልኳት። "ኖ አላለም እኮ" አለችኝ፣ እንደ ሕፃን ልጅ እያባበለች። እዚያ ሰፈር የሚቆጠረው የስ ብቻ ነው፤ ዝም ያለ ሰው ሕጉን ይጥላል፣ ኖ ብሎ ግን አይጻፍበትም። ኮሪደሩ ለዚያ ነው የተሠራው። እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ ውኃ እንደጠማው እግዜር ይወቅ። እኔ ይሄን ሁሉ ጊዜ እዚያ ቢሮ ተቀምጬ፣ ሰውዬው ንጹሕ ነው እያልኩ በየማኅበሩ ስለፈልፍ።

ማታ ለአስቴር ደወልኩ። እህቴ ናት፣ ሳን ሆዜ፣ ባሏ ኮምፒውተር ሥራ ውስጥ ነው፣ ቤታቸው እንኳን ጋሼ ወርቁን ባታሊዮን ያሳድራል። "ልጆቹ አለርጂክ ናቸው" አለችኝ። ለምን? ለሽማግሌ? "ለጢስ።" ጋሼ ሲጋራ ሲያቆሙ እኔ ሃይስኩል እንኳ አልገባሁም ነበር። "አንቺ ደግሞ ብቻሽን ነሽ፣ አጫዋች ይሆኑሻል" አለችና ሌላ ስልክ መጣብኝ ብላ ዘጋችው። ዓይን አውጣ።


ረቡዕ



ጠዋት ሦስቱ መጡ። ጋሼ ወርቁ፣ መቶ አለቃ ደምሴ፣ ሐጂ ሰይድ። ነጭ ጋቢ፣ ከዘራ፣ የተወለወለ ጫማ። ሴናተሩን ፈልገን ነው አሉ። ሊንዳ ፈገግ ብላ ወንበር አሳየቻቸው። አይ፣ ቆመናል አሉ። ቡና አመጣችላቸው። እግዜር ይስጥልን፣ ቆመናል። እንደ ችካል ተተክለው ቀሩ።

እኔ ወዲያው ገባኝ። ሽማግሌ ሆነው ነው የመጡት። ልጅ ሊጠይቁ እንደሚሄዱ። እሺ ሳይባሉ አይቀመጡም። መቼስ ይሄን ለሴናተር ያሰበ ጭንቅላት የጋሼ ወርቁ ብቻ ነው። ሽማግሌ ደጁ ቆሞ ሲውል የማያፍር ሰው ይኖራል ብለው አስበው አያውቁም።

ሊንዳ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። "ተቃውሞ ነው? ቢሮውን ሊይዙት ነው?"

"ሽማግሌዎች ናቸው። አክብረውት ነው የቆሙት።"

"ታዲያ ለምን አይቀመጡም?"

አስረዳኋት። አልገባትም፣ ሊገባትም አልፈለገችም፤ ዘበኛ ጠራች። ቁመቱ በር የሚያክል ልጅ መጥቶ ፊታቸው ተገተረ። ሐጂ ሰይድ ጎንበስ ብለው ሰላም አሉት፣ የእናት የአባቱን ጤና ጠየቁት፣ ተርጉሚለት አሉኝ። ተረጎምኩለት። ልጁ ግራ ገብቶት እናቴ ደህና ናት አለ።

ከሰዓት በኋላ ሴናተሩ ገባ። ወሬው ደርሶታል መሰለኝ እጁን ዘርግቶ ነው የገባው። ጋሼ ወርቁ ባጭሩ ተናገሩ። "ነገ ስምህ ሲጠራ ወንበርህ ላይ ሁንልን። ሌላ አንጠይቅህም።" ተረጎምኩ። እሱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ከእናንተ ጋር ነኝ አለ። ምንጊዜም ከእናንተ ጋር ነኝ። ልቤ ከእናንተ ጋር ነው።

ይሄንንም ተረጎምኩ።

"እሺ ማለቱ ነው?" አሉኝ መቶ አለቃ።

እሺ አላለም። ከእናንተ ጋር ነኝ ነው ያለው። የሐጂ ሰይድ ጉልበት ጋቢው ሥር ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል፣ ሊንዳ ሰዓቷን ታያለች፣ ሴናተሩ ፊቴን ያያል።

"አዎ፣ እሺ ማለቱ ነው" አልኩ።

ሦስቱም ተቀመጡ። ጋሼ ወርቁ ሲቀመጡ ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር። መረቁት። ሴናተሩ በጣም ደስ ብሎት ፎቶግራፍ ይነሳ አለ።


ሐሙስ

ሊንዳ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገችው፣ ከሳክራሜንቶ በቀጥታ እንሰማለን። የሴናተሩ ስም ተጠራ። ዝም። እንደገና ተጠራ። ዝም። ሊንዳ ጥፍሯን ትሞርዳለች። የሌሎቹን ስም ጠሩ። አንዱ የሰኞ ደጋፊ ጭራሽ ተገልብጦ ኖ አለ። አሁን ሴናተሩ ቢመጣም ባይመጣም ሕጉ ሞቷል።

ያኔ በሩ ተከፈተ መሰለኝ፣ ድምፁ መጣ። ጥርት ያለ፣ የሚያምር ድምፅ አለው፣ አልክድም። "የስ" አለ።

ሬሳ ከወጣ በኋላ የሚደርስ ሐኪም።

ሊንዳ አጨበጨበች። "ሪከርዱ ንጹሕ ነው" አለች። የማክሰኞውን ወረቀት አውጥታ አንድ መስመር ጨምሪበት አለችኝ። ለአረጋውያን ስደተኞች፦ የስ። ጨመርኩ። ፋክስ አድርጊው አለች። አደረግኩ። ምን ላድርግ፣ ኢንሹራንሴ ከዚያ ቢሮ ነው።

ጋሼ ፔጀሬ ላይ ደጋግመው ደወሉ። መልሼ ስደውል "የስ ብሏል፣ ሌሎቹ ናቸው የጣሉት" አልኩ። ውሸት አይደለም። እንዲህ ዓይነት እውነት መናገር ከማን እንደተማርኩ አውቃለሁ።

"ወንበሩ ላይ ነበር?" አሉኝ።

"በስልክ ወንበር አይታይም፣ ጋሼ።"


ዓርብ

ጋሼ አፓርታማውን በወሩ መጨረሻ ይለቃሉ። ማኔጀሯ ነግራቸዋለች።

የኮሚኒቲው ሰዎች ግን ሌላ ጉድ ይዘው መጡ። ወረቀቱን አንብበው፣ የእኔን አማርኛ፣ ለሴናተሩ ነገ ካባ እናለብሳለን አሉ። ካባው ለሌላ ሰው ተሰፍቶ የቀረ ነው፣ ሳን ሆዜ አንድ ሰው ቤት። አልባሹ ማን ይሁን? ጋሼ ወርቁ። ሽማግሌ ሆነው የሄዱት እሳቸው ስለሆኑ።

እምቢ ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። "አለብሰዋለሁ" አሉ።

ስሙ ሲጠራ ወንበሩ ባዶ እንደነበር ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነገር ታየኝ። ወንበሩ ባዶ ከነበረ ረቡዕ ዕለት እሺ ያለው ማን ነበር? እኔ። አፌን ዘጋሁ። ለአስቴር በድጋሚ ደወልኩ፣ መልስ መስጫ ማሽኗ አነሳው።


ቅዳሜ

አዳራሹ ሞላ። ሴናተሩ አጭር ነው፣ ካባው መሬት ይጠርጋል። መስታወት አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥቁሩ ላይ ወርቀ ዘቦው ሲያብረቀርቅ ሴቶቹ እልል አሉ። በደንብ ደስ ብሎታል፤ እኔ የጠላሁትን ያህል ሊያስጠላ እንኳ አልቻለም፣ ያ ነው ያናደደኝ።

ሪከርዱን ዘረዘረ። ሕክምና፣ ደመወዝ፣ ዛፍ። ማንንም ሜዳ ላይ አንጥልም አለ። እኔ ጎኑ ቆሜ ተራ በተራ ወደ አማርኛ አመጣሁት፣ ሕዝቡ በየመሀሉ ያጨበጭባል።

ጋሼ ወርቁ ካባውን ትከሻው ላይ ካስተካከሉ በኋላ ማይኩን ጠየቁ። ምርቃት መስሎኝ ነበር።

"ጠይቂልኝ። በወሩ መጨረሻ ቤት ሊያስለቅቁኝ ነው። የት እንድሄድ ያስባል?"

 ተረጎምኩ። ሴናተሩ ፊቱ አዘነ፣ ማዘን ይችልበታል። ከጋሼ ጋር ዘመድ እንደሆንን ሊንዳ ነግራዋለች። እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ፣ የካባው ጠርዝ አንገቴን በላኝ።

"እንዲህ ዓይነት ልጅ ስላለቻቸው ዕድለኛ ናቸው በያቸው። ቤተሰብ ማለት ይሄ ነው።"

ሕዝቡ ገና ሳልተረጉመው አጨበጨበ። እልልታም ነበረበት። ማንንም ሜዳ ላይ ሳይጥል እኔ ላይ ጣላቸው። ጋሼ ወርቁ ጭብጨባው እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ እኔን እያዩ "እግዜር ይስጥልኝ በይው" አሉ።


እሑድ

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ሻንጣ የለም። ነጭ ጋቢ፣ ከዘራ፣ የተወለወለ ጫማ። ብቻቸውን በአውቶቡስ ነው የመጡት።

"ይግቡ ጋሼ። ቁጭ ይበሉ።"

ገቡ። ወንበሯን ሳብኩላቸው። አልተቀመጡም።

መጀመሪያ አልገባኝም። ሻይ ላፍላ አልኩ። አይ አሉ። አልጋው ላይስ አረፍ ይበሉ አልኩ። አይ። ክፍሏ መሀል ቆሙ፣ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው። ከዚያ ገባኝ። የገዛ እህቱ ልጅ ጋ ሽማግሌ ሆኖ የሚመጣ ሰው አይቼ አላውቅም። የሚላክ ሰው ስላጡ ራሳቸውን ላኩ።

"ጋሼ፣ ምን ማለትዎ ነው፣ እኔ እኮ—"

"ከእርስዎ ጋር ነኝ እንዳትይኝ" አሉ። ቁጣ የለበትም። "እሱን ሰምቻለሁ። እሺ ወይ እምቢ ነው የምፈልገው። እምቢ ብትዪም አልቀየምሽም፣ ብቻ በአፍሽ በይው።"

መስኮቱን አየሁ። አልጋውን አየሁ። ብርጭቆዬን አየሁ። ውኃ ልጠጣ ወደ ማድቤት ልሄድ ተነሳሁ፣ እውነቴን ነው፣ እግሬ ተነስቶ ነበር፣ በሩ ጋ ስደርስ ምን እያደረግኩ እንደሆነ አወቅሁና ቆምኩ።

ጉልበታቸው ጋቢው ሥር ይንቀጠቀጣል። 

"እሺ" አልኩ።

"ምን?"

"እሺ ጋሼ። ይምጡ።"

ተቀመጡ። ወንበሯ ሲጥ አለች። ጥቂት ቆይተው ሬዲዮ የት አለ አሉኝ።