መብራት የማይጠፋበት ጉብኝት

ለተከበሩ የሼዶች አስተዳደር ኃላፊ

አሰላሙ ዓለይኩም እያልኩ፣ ጤናዎ እንዲበዛ፣ የቢሮዎ ጄኔሬተርም ነዳጅ እንዳይጎድልበት ዱዓዬ ነው። እኛ አልሐምዱሊላህ፣ በጨለማም ቢሆን ደህና ነን።

ሰዒዳ የሱፍ እባላለሁ፤ ኮምቦልቻ ላይ ሹራብ እየሠራሁ የደሴን ተማሪዎች ከብርድ የማስጥለው ሴት ነኝ። «በሙሉ አቅም ባለማምረትሽ» ሼዱን በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንድለቅ የጻፉልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ስላሰቡልን ከልብ እያመሰገንኩ፣ በትሕትና ጥቂት ላስረዳዎት።

አንደኛ፣ ሹራቡ እጅጌው ላይ ሲደርስ መብራት ይጠፋል፤ ክሩ ያመልጥና ሥራው ተተርትሮ እንደገና ይጀመራል። አንዱን ሹራብ ሦስት ጊዜ የምንሠራበት ቀን አለና፣ ይህ ከሙሉ አቅም በላይ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ዋናዋ ባለሙያችን ፋኢዛ በጨለማው ዱዓ ታደርጋለች፤ የሥራ ጓደኛዋ አትጠገብ ደግሞ መስቀሏን ይዛ አሜን ትላለች። ሁለቱም ሃይማኖት ተባብሮ ከአንድ ሰዓት በላይ መብራት አላስገኘም።

ሁለተኛ፣ ከአራቱ ማሽኖቻችን ሁለቱ መርፌ አጥተው ቆመዋል። መርፌው ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ለውጭ ምንዛሪው ከተሰለፍን ሁለት ዓመት አለፈን። ወረፋው በጣም ሥርዓት ያለው ነው፤ ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

ሦስተኛው ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። ባለፈው ጥር እንግዶች ይዘው ሲጎበኙን፣ መብራቱ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብልጭ ድርግም እንኳ አላለም። ሴቶቹ ንግግርዎን ትተው ሹራብ ሲሠሩ ስለዋሉ ይቅርታ ያድርጉላቸው፤ እንዲህ ያለ ቀን አግኝተው አያውቁም። ስለዚህ በየቀኑ እንዲጎበኙን እለምናለሁ። ምሳዎን አዋጥተን እናቀርባለን፣ የሚቆርጡትን ሪባንም ራሳችን እንሠራለን።

ቀልዱን ልተወውና፣ ሼዱ ከተወሰደ ዘጠኝ ሴቶች ከነልጆቻቸው ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ይህ ያበሳጨኛል፤ ያስፈራኛልም። እግራችንን ያሰረን ሌላ፣ ለምን አልሮጣችሁም ተብለን የምንቀጣው እኛ።

ለሥልጣንዎ ዕድሜ፣ ለመኪናዎ ለስላሳ መንገድ የምትመኝልዎት፣ እስከ አሥራ አምስተኛው ቀን ድረስ አምራች ተብላ የምትጠራው፣

ሰዒዳ የሱፍ፣ ኮምቦልቻ

ማስታወሻ፦ ሼዱን «ለተሻለ አልሚ» እንደሚሰጡት ጽፈዋል። ሰውየው ትናንት መጥቶ ወለሉን ለክቶ ሄደ፤ ከውጭ ያስመጣውን ሹራብ ሊያከማችበት ነው። ሹራቡን የምታጣጥፍለት ሴት ሲፈልግ ፋኢዛን ጠየቃት። አሥራ አንድ ዓመት ሹራብ የሠራችው ፋኢዛም፣ ልጆች ስላሏት፣ እሺ ብላዋለች።