የተቆረጠው ትርጓሜ

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ዛሬ ዓርብ ገበያ፣ ከአንድ የስልክ ሱቅ፣ የመጻሕፍት መምህሩን የየኔታን ድምፅ ሰማሁ። መኃልየ መኃልይን ሲተረጉሙ፣ እንዳይጠፋ ብዬ በስልኬ የቀዳሁት ነው። አሁን አንድ ዘፋኝ የጭፈራ ዘፈን አድርጎታል። ስለ ሴቲቱ ውበት ያሉትን ብቻ ይዘው፣ «አንድም ቤተ ክርስቲያን ናት» የሚለውን የምሥጢሩን ፍቺ ቆርጠው ጥለውታል። ያለ እሱ ምኑን ትርጓሜ ሆነ! እህል ሻጮቹ «የኔታን በስተርጅና ፍቅር ያዛቸው» እያሉ ይሣሣቃሉ።

የሰጠሁት እኔ ነኝ። ቅጂው ውስጥ ዶሮ ስለሚጮህ ተናደድሁና፣ ሙዚቃ ለሚያቀናብረው ለእህቴ ልጅ «አጥራልኝ» ብዬ ላክሁለት።

ከገበያው በቀጥታ ወደ የኔታ ሄድሁ። ዓይናቸው አያይም፤ በኮቴዬ ለዩኝ።

«ሰማህ አይደል? ሰበካ ጉባኤው እሑድ ጠርቶኛል። ከማስተማር ሊያግዱኝ ነው አሉ። ማን ይሆን እንዲህ የሠራኝ?»

«ይጣራል፣ የኔታ።»

«እንግዲያ አብረኸኝ ግባ። አንተ መቼም ለስሕተት ምሕረት የለህም፤ ሁሉን ዘርዝረህ ንገርልኝ።»

«እሺ» አልሁ።

የምናገረውን አሁን ጽፌ ጨረስሁ። ሁለት ገጽ ወጣው። ዘፋኙን፣ ባለሱቁን፣ የእህቴን ልጅ፣ ሁሉንም ከስሼበታለሁ። ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ የእኔ ስም የትም የለም።